ከስደተኛ መታወቂያ እስከ ኢቃማ
የካርቱም ኢትዮጵያውያንና የመኖሪያ ወረቀታቸው ታሪክ

የአንድ ኮሚኒቲ ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ተሠራው ሥራ፣ ስለ ተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ስለ ተከበሩት በዓላትና ስለ አገለገሉት የሥራ አመራር አባላት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን የቤት ሠራተኛ፣ ተማሪም ይሁን ሹፌር፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ያሳስበው የነበረ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመኖሪያ ወረቀቱ ነው። «ወረቀት አለህ?» የሚለው ጥያቄ በዴም፣ በጀሬፍና በሰሃፋ ሰፈሮች «ጤና ይስጥልኝ» ከሚለው ሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህ ጽሑፍ የዚያን ወረቀት ታሪክ ከሥሩ ለማየት ይሞክራል። ከታሪኩ ጎልቶ የሚወጣው እውነት ይህ ነው፦ በካርቱም በሕግ ፊት አንድ ዓይነት ኢትዮጵያዊ ኖሮ አያውቅም። በስደተኛነት የተመዘገበ፣ በኢቃማ የሚኖር፣ እንዲሁም ያለ አንዳች ወረቀት ድንበር ተሻግሮ የገባ፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ኖረዋል። ብዙውን ጊዜም ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት ነበሩ። አንዱ በር ሲዘጋ ወደ ሌላው በጊዜ የተሻገረ ቤቱን አቆመ፤ በሩ መዘጋቱን ዘግይቶ የሰማ ደግሞ ብዙ ተጎዳ።

መንገዱ ከወረቀቱ ይቀድማል

በመተማና በገላባት መካከል ያለው መንገድ ከማንኛውም ቪዛ የቀደመ ነው። ቡናው፣ ማሩ፣ ሰሙና ከብቱ ከጎንደር በኩል ይወርድ፣ ጨርቁና ጨው ደግሞ ከሱዳን በኩል ይወጣ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚሁ በመተማ ነው። የዛሬው ድንበር መሠረት የተጣለው ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) በተፈራረሙት ውል ነው። መስመሩ በካርታ ላይ ቢሰመርም የድንበሩ ነዋሪ ግን ለገበያና ለእርሻ ሥራ መመላለሱን አልተወም።

ኢትዮጵያውያን በስደተኛነት ወደ ሱዳን በብዛት ከገቡባቸው ጊዜያት አንዱ የፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በእንግሊዝ አገር በስደት ቆይተው ወደ ካርቱም የደረሱት እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1940 ነበር። ጣልያን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በእንግሊዝ ላይ ጦርነት እስካወጀች ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያ እንዲመጡ የፈቀደ አልነበረም። ከመጡም በኋላ መገኘታቸው ለጊዜው በምሥጢር ተይዞ ነበር። በሱዳንና በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች ብዙዎቹ ሠልጥነው በጦር ክፍል ተደራጁና ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። ንጉሥም ቢሆን በሰው አገር የሚቆየው በባለ አገሩ ፈቃድ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የስደተኛነት በር

ሱዳን እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1956 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ የስደተኞች ፍልሰት የደረሳት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በኤርትራ በነበረው ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎችና ዘላኖች ወደ ከሰላ አካባቢ ገቡ። መንግሥቱም ይህንን ጉዳይ የሚከታተል የስደተኞች ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። የእኛ ሰዎች በዐረብኛ ስሙ «ሙዕተመዲያ» የሚሉት እርሱን ነው።

ሕጉ የተጻፈው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ስምምነት በመዲናችን በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በመስከረም 10 ቀን 1969 አጸደቀ። ስምምነቱ በግል የሚሳደደውን ሰው ብቻ ሳይሆን ከጦርነትና ከሕዝባዊ ሁከት የሸሸውንም ስደተኛ ብሎ ይቀበላል። ሱዳን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1974 የጥገኝነት ሕጓን አወጣች፤ በዚያው ዓመት የ1951ዱን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። ስትቀበል ግን በአንድ አንቀጽ ላይ፣ ይኸውም ስደተኛ በአገሩ ውስጥ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ በሚፈቅደው በአንቀጽ 26 ላይ፣ ተቃውሞዋን አስመዘገበች።

ይህች አንዲት ተቃውሞ በካርቱም የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ሕይወት ለአርባና ለሃምሳ ዓመታት ወስናለች ማለት ይቻላል። በሕጉ መሠረት ስደተኛ መኖር ያለበት በተመደበለት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍና በከሰላ አካባቢ ባሉ ሰፈራዎችና ካምፖች ነው። ከዚያ ያለ ፈቃድ መውጣት በእስራት ያስቀጣል። መሬትም ሆነ ቤት በስሙ ሊይዝ አይችልም። ነገር ግን ሥራው፣ ከፍተኛ ትምህርቱ፣ ሆስፒታሉና የውጭ አገር ኤምባሲዎች የሚገኙት በካርቱም ነበር።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በተለይም በቀይ ሽብር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1978) በመተማና በሁመራ በኩል በእግራቸው ሌሊት ሌሊት ተጉዘው የገቡት ወጣቶች የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። ካርዱን ገዳሪፍ ላይ ይቀበሉና በጭነት መኪና ካርቱም ይገባሉ። በእጃቸው ያለው ካርድ ስደተኛ መሆናቸውን ቢመሰክርም ካርቱም ውስጥ መገኘታቸውን ግን አይፈቅድም። የአፈሳው ቀን፣ በዐረብኛው «ከሻ» የሚባለው፣ ሲመጣ ካርድ ያለውም የሌለውም በአንድ መኪና ላይ ይጫን ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አምስትና ስድስት ልጆች ከመካከላቸው ደኅና ወረቀት ያለውን ወደ ገበያ ልከው ሌሎቹ ቤት መዋላቸው የተለመደ ነበር።

ከዚህ ሁኔታ መውጫ ሆኖ የታየው ወደ ሦስተኛ አገር መሄድ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ ከሱዳን የሚወሰዱት ኢትዮጵያውያን ቁጥር ጨመረ። «ፕሮሰስ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ውስጥ ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በሜልበርን የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ታሪካቸው ሲጠየቅ በካርቱም በኩል ማለፋቸውን ይናገራሉ። ሁሉም ግን አላለፈም፤ ፕሮሰሱን ሲጠብቅ ትዳር የያዘ፣ ልጅ የወለደ፣ ሱቅ የከፈተ ብዙ ነው። ለብዙዎቻችን ኮሚኒቲ የሆነን ያ «ለጊዜው» ብሎ የተቀመጠው ሰው ነው።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት ከባድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግ በማወጁ ጠላና አረቄ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ እናቶች መተዳደሪያቸውን አጡ፤ ብዙዎቹም ወደ ሻይና ቡና ንግድ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1985 በድርቁና በጦርነቱ ምክንያት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ፤ ኡም ራኩባን የመሳሰሉ ካምፖች የታወቁት ያን ጊዜ ነው። ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1985 ከሥልጣን ወረዱ። በኢትዮጵያም ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የቀድሞው ሠራዊት አባላትና ቤተሰቦቻቸው በተራቸው ሱዳን ገቡ። በተመሳሳይ ጊዜ ደርግን ሸሽቶ የነበረው ሰው «እንግዲህ ልግባ ወይስ ልቆይ?» እያለ ከራሱ ጋር መምከር ጀመረ።

የካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም.

በካርቱም ኢትዮጵያውያን የወረቀት ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ቀን ያለ ቀን የለም። የዓድዋ በዓል ዋዜማ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2000 መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1991 በፊት ከኢትዮጵያ የወጡ ስደተኞች የስደተኛነት መብት በጅምላ እንዲያበቃ ያደረገው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው። ምክንያቱ በ1951ዱ ስምምነት ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፦ ሰውየውን ያሰደደው ሁኔታ በመሠረቱ ከተለወጠ ስደተኛነቱ ያበቃል ይላል። ደርግ ወድቋል፤ ስለዚህ ደርግን የሸሸ ሰው ከእንግዲህ ስደተኛ አይባልም።

ይህ ውሳኔ ሲነገር ሦስት ምርጫ ነበር። አንደኛው በድርጅቱ እርዳታ ወደ አገር መመለስ ነው። በፈቃድ የመመለሱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ ስለነበር ብዙዎች ቀድመው ገብተዋል። ሁለተኛው «እኔ አሁንም የሚያሰጋኝ ነገር አለ» ብሎ በግል ማመልከትና መመርመር ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ስደተኛነቱን ትቶ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ዜጋ በመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም በኢቃማ፣ መቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን እጅግ ከባድ ውሳኔ ነበር። ኢቃማ የሚመታው በፓስፖርት ላይ ነው። ፓስፖርት የሚሰጠው ኤምባሲ ነው። ስለዚህ ለሃያ ዓመት ያህል በኤምባሲው በር ላለማለፍ መንገድ ሲያሳብር የኖረ ሰው ገብቶ ቅጽ መሙላት ነበረበት። ከዚህም በላይ፣ ያው የ1951ዱ ስምምነት ስደተኛ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ በፈቃዱ ከተመለሰ ስደተኛነቱ ይቀራል ስለሚል፣ የአገሩን ፓስፖርት ያወጣ ሰው እንደገና «ስደተኛ ነኝ» ለማለት ይቸገራል። የተሻገረው ወንዝ መመለሻ ድልድይ አልነበረውም። ፕሮሰሱ አንድ ቀን ይሳካል ብሎ የሚጠብቅ አባትና ለልጆቹ ሕጋዊ ኑሮ የምትፈልግ እናት በአንድ ቤት ሳይስማሙ የከረሙበት ዘመን ነው። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

በዚህ ላይ የኤርትራ ነፃ መሆን (እ.ኤ.አ. በ1993) ሌላ ጥያቄ አመጣ። በአንድ ዘመን «ሐበሻ» ተብለው በአንድ መዝገብ የተጻፉ ጎረቤታሞች፣ አንዳንዴም ባልና ሚስት፣ ወደ ሁለት ኤምባሲ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ለኤርትራውያን ስደተኞችም ተመሳሳይ የማብቂያ ውሳኔ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ መጨረሻ 2002 ተፈጻሚ ሆኖባቸዋል። በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት እየተካሄደ እንኳ በካርቱም የነበረው ጉርብትና፣ ዕድርና ክርስትና መነሣት አለመቋረጡ በዚህ ኢዮቤልዩ ሊነሣ የሚገባው መልካም ነገር ነው።

የኢቃማው ዘመን

ኢቃማ በዐረብኛ መኖር፣ መቀመጥ ማለት ነው። የሚገዛውም እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የፓስፖርትና የኢሚግሬሽን ሕግ ነበር። አሠራሩን የማያውቁ ልጆቻችን እንዲረዱት ባጭሩ እንግለጸው። ወደ ሱዳን በቪዛ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ከውስጥ የሚጠራው ወይም የሚዋስለት ሰው ወይም ድርጅት ያስፈልገዋል፤ ይህም «ከፊል» ይባላል። ከገባ በሦስት ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ለመቆየት ሲፈልግ በሥራ፣ በትዳር፣ በትምህርት ወይም በንግድ ምክንያት ኢቃማ ይጠይቃል። ሥራ ከሆነ ደግሞ ከሥራ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያወጣል። ወደ አገሩ ለመሄድ ሲነሣ እንኳ የመውጫ ቪዛ ያስፈልገው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ማደሱ ነው። ኢቃማው ካለፈበት ቅጣት ይቆጠራል፤ ቅጣቱ ሳይከፈል መውጫ ቪዛ አይገኝም። እናቱ ታማ ወይም ሞታ ለመሄድ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የተጠራቀመበትን መክፈል አለበት። የሌለው ሰው ወይ መርዶውን በሰው አገር ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ወይም በጭነት መኪና በገላባት በኩል ተደብቆ ይወጣል። ወረቀት ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በደስታ ቀን ሳይሆን በኀዘን ቀን ነበር። በካርቱም የሚያርፍ ወገን አስከሬኑ ወደ አገር እንዲሸኝ እንኳ ማንነቱ በሰነድ መታወቅ ነበረበት። ስለዚህም የዕድርና የማኅበር አገልግሎት ለቅሶ ከመድረስ አልፎ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው መላክ፣ ምስክር መቆምና ደብዳቤ መጻፍን ይጨምር ነበር።

ኢቃማው የተስፋፋበት ምክንያትም ነበረው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የሰሜኑና የደቡቡ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ካርቱም በግንባታ፣ በውጭ ድርጅቶችና በንግድ ተሞላች። የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነትም ተሻሽሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1995 በአዲስ አበባ በግብፁ ፕሬዝዳንት በሙባረክ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ኢትዮጵያ የአየር በረራ አቋርጣ ለሱዳናውያንም መግቢያ ቪዛ ግዴታ እስከ ማድረግ ደርሳ ነበርና፣ ከ1998 ወዲህ የመጣው መቀራረብ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። የገዳሪፍ መንገድ ሲከፈት ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የመጡ ወጣቶች፣ በተለይም እኅቶቻችን፣ በቤት ሠራተኛነት፣ በምግብ ቤትና በጀበና ቡና ሥራ ተሠማሩ።

በዚህ ዘመን ከፊሉ ዕጣ ወሳኝ ሰው ሆነ። ደግ ከፊል የገጠማት እኅት ኢቃማዋ በየጊዜው ይታደስላታል፣ ዓርብ ዕረፍቷን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ለፋሲካ አገሯ ደርሳ ትመለሳለች። ክፉ የገጠማት ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ደመወዟን እንኳ ለመጠየቅ ትፈራ ነበር፤ ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። ወረቀቱ የሠራተኛዋ መሆኑ ቀርቶ የአሠሪዋ የሆነበት ቤት ብዙ ነበር። በድንበር ተሻግራ ያለ ወረቀት የገባችው ደግሞ በአፈሳ ጊዜ የምታሳየው ምንም አልነበራትም።

ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ስትገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛ የሚሆነው አብሮ ሄደ። የሱዳን ፓውንድ ወደቀ፤ ለቤተሰብ የሚላከውም ገንዘብ ረከሰ። አንዳንዱ ወደ ጁባ፣ አንዳንዱ በሊቢያ በረሃ አሳብሮ ወደ ባሕሩ ሄደ። በጀሬፍ ሱቅ የከፈተውና ልጅ የሚያስተምረው ግን ኢቃማውን እያደሰ ቆየ።

በካርቱም የተወለዱት

በጣም የሚያሳስበው የልጆች ጉዳይ ነው። በሱዳን የዜግነት ሕግ በካርቱም መወለድ ብቻውን ሱዳናዊ አያደርግም፤ ዜግነቱ የሚወርሰው በዘር ነው። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥትና የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ (ቁጥር 378) ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። እንግዲህ ልጁ በሕግ አገር አለው፤ የጎደለው ማስረጃው ነው። አባቱ በስደተኛ ካርድ፣ እናቱ ያለ ወረቀት የኖሩለት፣ የልደት ወረቀቱም በሆስፒታል ብጣሽ የቀረ ልጅ የኤምባሲውን ቅጽ ለመሙላት ሲቀርብ ኢትዮጵያዊነቱን የሚያስረዳለት ሰው ፍለጋ ይዞራል። ዐረብኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገር፣ አማርኛን በኮሚኒቲው ትምህርትና በቤቱ የተማረ ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ በተወለደባት ከተማ ኢቃማ የሚጠየቅ እንግዳ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023) የቀዳም ሥዑር ዕለት ነበር። እናቶች ዶሮውን እያሰናዱ ባሉበት ሰዓት በካርቱም ጦርነቱ ተጀመረ። መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ ለዕድሳት የገባ ፓስፖርት በዚያው ቀረ፤ በአሠሪ ቤት የተቆለፈውም ከቤቱ ጋር ጠፋ። ወገኖቻችን በገዳሪፍ በኩል እየተጓዙ መተማ ሲደርሱ አንዳንዱ አሮጌ ካርዱን፣ አንዳንዱ የኢቃማውን ቅጂ በስልኩ ይዞ ነበር። ብዙው ግን በእጁ አንዳች አልነበረውም። ያችን የተቀደደች ቅጂ ያልጣለ ሰው ማንነቱን ለማስረዳት ምን ያህል እንደጠቀመችው ያያት ሁሉ ያውቃል።

በዚያው መንገድ ሱዳናውያንም መጡ። አርባና ሃምሳ ዓመት ያስጠጉን ሰዎች በመተማ ቪዛ ተጠየቁ፤ ገሚሱ እንደ ኩመር ባሉ የስደተኛ ካምፖች ተጠለሉ፤ ገሚሱም በአዲስ አበባ ቤት ተከራይተው የቪዛ ማራዘሚያ ወረፋ ያዙ። «ካምፕ ልግባና ስደተኛ ልባል ወይስ እየከፈልኩ በቪዛ ልቆይ?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም ይልቅ የምናውቀው እኛ ነን። ጎረቤት የሆናችሁ ቤተሰቦች ቅጹን በመሙላትና አማርኛውን በማስተርጎም ብትረዷቸው በዴምና በጀሬፍ የበላነውን እንጀራና ፉል መመለስ ነው።

ለቤተሰቦች አደራ

ከዚህ ታሪክ የምናተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። በሰው አገር የመቆያ መብት ሌሎች በሚቆርጡት ቀን ያበቃል፤ የካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም.ም፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.ም ማንንም አማክረው አልመጡም። ስለዚህ በየትም አገር ያላችሁ ቤተሰቦች፣ የወላጆቻችሁን የስደተኛ ካርድ «ጊዜው አልፎበታል» ብላችሁ አትጣሉ፤ የት እንደነበሩና መቼ እንደገቡ የሚመሰክር ሰነድ ነው። የጋብቻና የልደት ወረቀት በወቅቱ በኤምባሲ አስመዝግቡ። ፓስፖርታችሁን በሰው እጅ አታሳድሩ፤ ግድ ከሆነም ቅጂውን በሌላ ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ፈቃድ ከማለቁ በፊት ቀጣዩ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የኮሚኒቲያችን ታሪክ የሚጻፈው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው። በየቤቱ ሣጥን ያሉትን ካርዶች፣ አሮጌ ፓስፖርቶችና የኢቃማ ማኅተሞች ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ በየትኛው በር እንደገባችሁም ንገሯቸው።